የጎሚስታው ዓምድ፦ ለማስታንጌ ሰመር ጎማ ወይስ ኦል ሲዝን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዲሲ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ማታ 1 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው የምወጣው። ባለፈው ኤፕሪል ለዓመታት ስመኘው የነበረውን መኪና ገዛሁ፤ የ2019 ፎርድ ማስታንግ ጂቲ፣ ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለው፣ ማንዋል። ያገለገለ ነው። የተገጠመለት ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ የሚባል ሰመር (የሙቀት ወቅት) ጎማ ነው። የኋላዎቹ ጥርሳቸው እያለቀ ነው።

አሁን ብርዱ እየመጣ ነው፣ ሁሉም የየራሱን ይለኛል። ጓደኛዬ «ማስታንግ ላይ ኦል ሲዝን ማድረግ ነውር ነው» ይላል። ጎማ ቤት ስሄድ ደግሞ «ኦል ሲዝን አድርግና ተገላገል፣ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል» አሉኝ። ባለቤቴ «የኋላ ሁለቱን በርካሽ ቀይርና ብርዱን እለፍ» ትላለች። ሌላ መኪና የለንም፤ እሷ በሜትሮ ነው የምትሄደው። አፓርታማ ስለምንኖር ዕቃ ማስቀመጫ የለንም። ሥራ ቦታ ደግሞ ማታ ስደርስ ታች ቦታ ስለማይገኝ መኪናውን የማቆመው የፓርኪንግ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— የማታ ሠራተኛው

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለምኞትህ አበቃህ። መልሱን ቀድሜ ልስጥህ፤ ኦል ሲዝን አድርግ። ግን ጎማ ቤቱ ባሉህ ምክንያት አይደለም፣ ያገኘኸውንም ኦል ሲዝን አይደለም። ጓደኛህም ግማሹን ልክ ነው። የባለቤትህን ሐሳብ ግን በትሕትና አልፈው።

ከጓደኛህ ልጀምር። ልቤ ያለው እሱ ጋ ነውና።

ያንተ ማስታንግ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር አለው፣ 460 የፈረስ ጉልበት። ያ ሁሉ ጉልበት የሚወርደው በኋላ ሁለት ጎማዎች ላይ ነው። ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ስላለው ፊት ለፊት ባለ ስድስት ፒስተን ብሬምቦ ፍሬን ተገጥሞለታል። ፎርድ ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ከፊት 255/40 አር 19፣ ከኋላ ሰፋ ያለ 275/40 አር 19 ሰመር ጎማ የሰጠው። ፍሬን የሚያቆመው ቸርኬውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። በ60 ማይል ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 88 ጫማ ትሄዳለህ። ድንገት ሰው ፊትህ ቢገባ ብሬምቦው የቱንም ያህል ቢጨብጥ፣ ጎማው አስፋልቱን ካልያዘ መኪናው አይቆምልህም።

ሰመር ጎማ ደግሞ አስፋልት በመያዝ ወደር የለውም። ላስቲኩ ለስለስ ብሎ የተቀመመ ነው። ጥርሱ በትልልቅ ጠንካራ ድርድር የተሠራ ስለሆነ ኩርባ ላይ አይወላገድም። መሪውን ስታዞር መኪናው ወዲያው ይታዘዝሃል። በጁላይ ከጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ኩርባዎች በአንዱ ላይ ይህን ሳታየው አልቀረህም።

ብዙ ሰው የማያምነኝን ነገር ደግሞ ልጨምር። በሞቃት ዝናብ ላይ ጥሩ ሰመር ጎማ ከኦል ሲዝን ይበልጣል። ሰዎች «ኦል ሲዝን ለዝናብ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሰመር ጎማ ውኃውን ገፍተው የሚያወጡ ሰፋፊ ቦዮች አሉት፤ ላስቲኩም እርጥብ አስፋልት እንዲይዝ ተብሎ የተቀመመ ነው። ችግሩ ዝናቡ አይደለም፣ ብርዱ ነው።

ጧፍ ታውቃለህ፤ ሲሞቅ እንደፈለግህ ታጥፈዋለህ፣ በብርድ ግን ታጥፈዋለሁ ስትል ይሰበራል። የሰመር ጎማ ላስቲክም ጠባዩ ይኸው ነው። ጎማ ሠሪዎቹ የሚያስቀምጡት መስመር 45 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ነው፣ በሴልሺየስ 7። ከዚያ በታች ላስቲኩ እየደደረ ይሄዳል። አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም፣ በረዶ ጠብ ባይልም፣ መንገድ አይዝም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በረዶ ሲመጣ አልነዳም» ይላል። በረዶ ሳይመጣ ገና በኖቬምበር ፀሐያማ ጠዋት፣ ከሃይዌይ መውጫ ላይ ኋላው ይፈተለክበታል።

ሌላም መስመር አለ፤ ይህኛው የባሰ ነው። ከ20 ዲግሪ ፋራናይት በታች፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7 መሆኑ ነው፣ ጎማ ሠሪዎቹ ጭራሽ መኪናውን አታንቀሳቅሱ ይላሉ። ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ የተሰነጠቀ ጎማ ጎማ ቤት እንዳለሁ መጥቶልኛል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ባለቤቱ ገና አዲስ ነው ብሎ ይምላል፤ ትከሻው ላይ ግን ጥርሱ ከሥሩ ተሰነጣጥቋል። ይህን ጋራንቲው አይሸፍነውም። ጎማው በእንዲህ ያለ ብርድ ካደረ ደግሞ፣ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሙቀት ያለበት ቦታ ውስጥ ቢያንስ በ40 ዲግሪ ፋራናይት 24 ሰዓት ይቆይ ነው የሚባለው።

እንግዲህ አንተን ላስብህ። መኪናህ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው የፓርኪንግ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ነፋስ እየመታው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ስትወጣ የቀኑ ብርድ ገና አልተሰበረም። 24 ሰዓት ጎማ የምታሞቅበት ጋራዥም የለህም። በዲሲ አካባቢ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች ያለው ጠዋት በአብዛኛው ከ45 በታች ነው። በጃንዋሪ የሌሊቱ አማካይ 30 አካባቢ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከ20 በታች ይዘልቃል። ያውም አንተ 12 ሰዓት ቆመህ ሠርተህ፣ ዓይንህ እየተጨፈነ ነው መሪ የምትይዘው። በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤትና ቢሮ ሁሉ ሲዘጋ «ነርሶች ግን ይምጡ» ነው የሚባለው። እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖር ባለ አንድ መኪና ሰው ሰመር ጎማ አድርጎ ብርዱን ማለፍ የለበትም። ማስታንግም ይሁን ሌላ።

ጓደኛህ መኪናውን ነው ያየው፤ አነዳድህን አላየም። እሱ ምናልባት ለቅዳሜና እሑድ የሚያወጣው ሁለተኛ መኪና ይኖረው ይሆናል። ያለው ሰው ሰመሩን ያቆየው፣ እኔም እመርቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጎማ ቤቱ ልምጣ። «ዓመቱን ሙሉ ይሠራል» የሚሉት የሽያጭ ነገር ነው። ኦል ሲዝን በአሜሪካ ገበያ የገነነው ጉድይር በ1977 ቲየምፖ የሚባለውን ካወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሰው በብርድ የበረዶ ጎማ እየገጠመ፣ ሲሞቅ እያወጣ ነበር የሚኖረው። ኦል ሲዝን ከዚያ ጣጣ ገላገለው፤ በምትኩ ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደ። በሐምሌ ሙቀት ሰመሩን አያክልም፣ በወፍራም በረዶ ላይ የበረዶ ጎማውን አያክልም። ይህን አውቀህ ግዛ።

ሁለተኛ ነገር፣ ኦል ሲዝን ሁሉ አንድ አይደለም። ለሽማግሌ ካምሪ የተሠራውን ጎማ 460 ፈረስ ላይ ብትገጥመው፣ መሪው ይፈዛል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጋዝ ስትሰጠው ኋላው ይጨፍራል። አንተ የምትፈልገው «አልትራ ሃይ ፐርፎርማንስ ኦል ሲዝን» የሚባለውን ክፍል ነው። ጎማ ቤት ስትገባ ይህንኑ በስሙ ጥራው።

ከዚህ ክፍል ሁለት ስም ልስጥህ፤ ማንም ከፍሎኝ አይደለም። አንዱ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ነው፣ በ2020 የወጣው። ላለህ 4ኤስ እንደ ወንድም ነው ብትል አልተሳሳትክም። ሌላው ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲ ደብሊው ኤስ 06 ፕላስ ነው። የዚህኛው አንድ ነገሩ ደስ ይለኛል። ጥርሱ ላይ ዲ፣ ደብሊው፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል። ዲ ለደረቅ፣ ደብሊው ለእርጥብ፣ ኤስ ለበረዶ ነው። ጎማው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ኤስ ነው። እሱ ከጠፋ በበረዶ አትመካበት። ቀጥሎ ደብሊው ከጠፋ ለዝናብም አትመካበት። መለኪያ የሌለው ሰው እንኳ ቁልቁል አይቶ ያውቃል።

ጎማው ጎን ላይ የምታያቸውን ምልክቶች ልንገርህ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጭቃና በረዶ ማለት ነው፤ ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ የተሰጠ ማዕረግ አይደለም። ጥርሱ የተቆረጠበት ቅርጽ ብቻ ታይቶ ነው የሚጻፈው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጡ የበረዶ ኮከብ ያለበት ሥዕል ካየህ ግን፣ ያኛው በረዶ ላይ ተነድቶ የተመዘነ ነው። ከ1999 ጀምሮ ያለ ምልክት ነው። ከላይ ያልኩህ ሚሽሊን ይህ ምልክት አለው። በአንተ ቦታ ብሆን ይህን ምልክት የያዘውን እመርጥ ነበር፤ ከሥራ መቅረት የማትችል ሰው ነህና።

ምን ታጣለህ? አንተም እንድታውቀው፣ ጓደኛህም እንዲስቅብህ ልንገርህ። ኦል ሲዝን ጥርሱ ላይ በቢላ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። በረዶ የሚይዙለት እነሱ ናቸው። ነገር ግን በሙቀት፣ ኩርባ ላይ ስትገባ፣ እነዚያው መስመሮች ጥርሱን እንዲወላገድ ያደርጉታል። መሪው እንደ በፊቱ ስል አይሆንም። በኦገስት ድንገት ፍሬን ስትይዝ ከ4ኤሱ ራቅ ብለህ ነው የምትቆመው። ስለዚህ ጎማውን ከቀየርክ በኋላ ፊትህ ላለው መኪና የምትተወውን ርቀት ጨምር። ትርፉ ደግሞ ዕድሜው ነው። ጎን ላይ የሚጻፈው የጥርስ ዕድሜ ቁጥር በ4ኤስ ላይ 300 ነው፤ በኦል ሲዝን 4 ላይ 540። ቁጥሩ ከተለያየ ፋብሪካ ሲመጣ ብዙም አያወዳድርም፣ ከአንድ ቤት ሲሆን ግን ልዩነቱን ያሳይሃል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ያንተ መኪና የፊትና የኋላ ልኩ ስለሚለያይ ጎማውን ከፊት ወደ ኋላ አታዞረውም። የኋላዎቹ ሁሌም ቀድመው ያልቃሉ። የማይል ጋራንቲ ሲነግሩህ «ለኋላዎቹስ?» ብለህ ጠይቅ። ሚሽሊን ልካቸው ለሚለያይ መኪናዎች ለኋላ ጎማ የሚሰጠው ግማሹን ነው። ሻጩ ይህን ሳይነግርህ ሊያልፍ ይችላል።

ባለቤትህ ወጪ ፈርታ እንደሆነ ይገባኛል። አራቱ ከነማስገጠሚያው ከ1,000 ዶላር ያልፋል፤ የማስታንግ ፍቅር እንዲህ ነው። ግን ከኋላ አዲስ ርካሽ ኦል ሲዝን፣ ከፊት አሮጌ ሰመር አድርገህ በጃንዋሪ ጠዋት ብትወጣ ምን እንደሚሆን ላሳይሽ በላት። ኋላው በመጠኑ ይይዛል፣ ፊቱ ግን ደድሯል። ኩርባ ላይ መሪ ታዞራለህ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ትይዛለህ፣ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ይንሸራተታሉ። ሲሞቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዝናብ ፊቱ ይይዝና ርካሹ ኋላ ያመልጣል፤ ያኔ መኪናው ዞሮ ይሽከረከርብሃል። ስለዚህ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ስም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የኋላዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የፊቶቹም መቀየር እንዳለባቸው የማስብበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጡትን መጨረሻ አራት አኃዞች እይ። 1819 ካለ በ2019 በ18ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የፊቶቹ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጡ ከሆኑ ከ6 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ማለት ነው። ፎርድ በራሱ የመኪና መጽሐፍ ላይ ጎማ በ6 ዓመት ይቀየር ነው የሚለው። ጥርስ ቢኖረውም ላስቲክ ያረጃል።

ለኋላዎቹ ኪስህ ውስጥ ያለ መለኪያ ልስጥህ። ኳርተር ሳንቲም የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች አድርገህ ቦዩ ውስጥ ክተት። የራሱ ጫፍ ከታየህ ከ4/32 ኢንች በታች ወርዷል፤ በዝናብ ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምረው እዚህ አካባቢ ነው። ፔኒ አድርገህ የሊንከን ራስ ሙሉ ከታየህ ደግሞ 2/32 ላይ ነህ፣ የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ይጥልሃል። ምርመራ ማለፍና በ395 ሃይዌይ ላይ ዝናብ ማለፍ አንድ እንዳይመስሉህ። ሕጉ የሚጠይቅህ ዝቅተኛውን ነው።

ጎማ ቤት ስትሄድ እንዲህ ብለህ ጠይቅ። የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ያለውን ተለጣፊ ፎቶ አንሣና ልኩ ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ጎማው የሚችለውን ፍጥነት የሚነግርህ ፊደል ደብሊው ወይም ዋይ ይሁን። «ይህ በስቶክ የለም፣ ይኼኛው ይገባል» ካሉህ ውጣ። ዶቱን ራስህ አንብበህ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ አስመጣ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) አስደርግ፤ የኋላዎቹ በውስጥ በኩል ብቻ ካለቁ ያለ አላይመንት አዲሶቹም እንደዚያው ያልቃሉ። የቸርኬው ብሎን በዚህ መኪና ላይ በማጥበቂያ ኃይል መለኪያ 150 ፓውንድ-ፉት ነው የሚጠብቀው፤ ብዙ ሠራተኛ በልምድ 100 ላይ ይተወዋል። 50 ማይል ከነዳህ በኋላ ተመልሰህ አስጠብቅ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካላማዳሪ ስለጥፍ ነው ያደግሁት፤ ያኔ በክንዳችን ኃይል ነበር የምናጠብቀው። እዚህ ግን መለኪያ ቁልፍ አለ፣ ይጠቀሙበት።

ንፋሱን ደግሞ በብርድ ደጋግመህ እይ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። በሴፕቴምበር የሞላኸው በዲሴምበር ጠዋት ያቺን ቢጫ መብራት ያበራብሃል። ጎማው ተነፈሰ ብለህ አትደንግጥ፤ ሳትነዳው፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ለካና ተለጣፊው የሚለውን ሙላ።

መኪናህ «ስኖው/ዌት» የሚል የመንጃ ምርጫ አለው። ተጠቀምበት፣ ጋዙን ያለዝብልሃል። ግን የሌለ መያዣ አያመጣልህም። ወፍራም በረዶ በወረደ ቀንም ኦል ሲዝን አድርጌያለሁ ብለህ አትውጣ። የማስታንጉ ሆድ ዝቅ ያለ ነው፣ በረዶውን እንደ ማረሻ ነው የሚገፋው። ጃንዋሪ 3፣ 2022 የሆነውን አትረሳውም መቼም። ዝናብ ሆኖ ስለጀመረ መንገዱ ላይ ቀድሞ ጨው ሊረጭ አልቻለም፤ ከዚያ በረዶው መጣ፣ ከፍሬድሪክስበርግ ወዲያና ወዲህ 95 ሃይዌይ ተዘጋ። ሰው ከ24 ሰዓት በላይ መኪናው ውስጥ አደረ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬይን ራሱ ለ27 ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ትንበያ ስትሰማ ዋዜማውን ሥራ ቦታ አካባቢ እደር። ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ቆሎ ኋላ ይቀመጥ።

ወደፊት ጋራዥ ያለው ቤት ስትገዛ፣ ያኔ የጓደኛህን ምክር እንሰማለን። አራት አራት ሆኖ ሁለት ዙር ቸርኬ፤ አንዱ ዙር ላይ ሰመር፣ ሌላው ላይ የበረዶ ጎማ። በኤፕሪልና በኖቬምበር መቀያየር ነው። ለበረዶው 18 ኢንች ቸርኬ ርካሽ ነው ብለህ ግን ሳታስለካ እንዳትገዛ። ያ ብሬምቦ ስፋት ስላለው ብዙ 18 ቸርኬ አያስገባም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ አለኝ። አራቱም ጎማ ነጂ ስለሆነ አብሮት የመጣው ሰመር ጎማ ለበረዶም ይበቃል ይሉኛል። ልጆቼን በረዶ ለማጫወት ተራራ እወስዳቸዋለሁ። ልክ ናቸው?
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ አይደሉም። አራቱም ጎማ ነጂ መሆኑ ተነስተሽ እንድትሄጂ ይረዳሻል። ለመቆምና ለመታጠፍ ግን አንዳች አይጨምርልሽም። የቱም መኪና ሲቆም የሚጠቀመው አራት ጎማ ነው። እንዲያውም ቶሎ ስለሚነሣልሽ መንገዱ የሚይዝ ይመስልሻል፤ እውነቱን የምታውቂው ፍሬን ስትረግጪ ነው።

ወደ ተራራው ስትወጪ ኢንተርስቴት 70 ላይ ሕግም አለ። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ፣ ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። ይህ ቨርጂኒያ ከሚጠይቀው 2/32 ሦስት እጥፍ ነው። ልጅ ለሚጭን ሰው ግን እኔ ሕጉ ላይ አልቆምም። አንቺ ኦል ሲዝንም አትግዢ፤ ኦሮራ ከአሌክሳንድሪያ ይለያል። በኖቬምበር የተራራና የበረዶ ኮከብ ሥዕል ያለበትን እውነተኛ የበረዶ ጎማ ግጠሚ፣ ሰመሩን በሜይ መልሺው። አራቱንም። ሱባሩ ላይ አንዱ ጎማ ብቻ አዲስ ሆኖ ሌሎቹ ካለቁ የማከፋፈያው ማርሽ ይጎዳል፤ ኩባንያው ራሱ የጎማዎቹ ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች እንዳይበልጥ ነው የሚያዘው። ስለዚህ አንድ ጎማ ቢበሳና መለጠፍ ባይቻል፣ «አንዱን ብቻ» የሚልሽን ሰው ጠንቀቅ በይው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፍልዎ። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ካማሮ ገዛሁ። ጎማው «ኤም ፕላስ ኤስ» ይላል፣ ጥርሱ ገና ሙሉ ነው። ዶቱ 3917 ነው። እዚህ በረዶ የለም፣ ልተወው ወይስ ልቀይረው?
— የዱባዩ

መልስ፦ ይቀይሩት፣ ነገ ሳይሉ። ኤም ፕላስ ኤሱ አይደለም ያስፈራኝ፣ ቁጥሩ ነው። 3917 ማለት በ2017 በ39ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ማለት ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ጎማ ከተመረተ 5 ዓመት ካለፈው እንደ አለቀበት ነው የሚቆጠረው። እናንተ ጋ በጁላይ ቀኑ ከ40 ሴልሺየስ በላይ ነው፤ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይብሳል። ያረጀ ላስቲክ በዚያ ሙቀት፣ አቡ ዳቢ መንገድ ላይ በ140 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ጥርሱ ከሽቦው ተላቆ ሊፈነዳ ይችላል። ጥርሱ ሙሉ መሆኑ ያታልላል። ቆሞ የከረመ መኪና ጥርስ አይጨርስም፣ ዕድሜውን ግን ይጨርሳል።

ምን ይግዙ? ሰመር ጎማ፣ ያለ ጥርጥር። 7 ዲግሪ የሚባል ነገር እዚያ የለምና ኦል ሲዝን የሚሰጥዎት ጥቅም የለም፤ መሪውን ማፍዘዝና የማቆሚያ ርቀት መጨመር ብቻ ነው ትርፉ። ጎን ላይ የሙቀት ደረጃው ኤ መሆኑን ይዩ። ሻጩ «ቅናሽ አለ» ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ ዶቱን ያንብቡ፤ ቅናሹ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ያረጀው ነው። ንፋሱን የሚለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አያስተንፍሱት፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይግላል። ሻንጣው ውስጥ ትርፍ ጎማ ካለ የሱንም ዶት ይዩልኝ፤ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ዕድሜው ከሌሎቹ አይተናነስም።